ከቬንቲሌተር የሸሹ ጠረጴዛዎች

የጥጥ መጋዘኑ ኃላፊ ጓድ ቢሰጥ የተገኘው በአረፋ ዋዜማ አመሻሽ ላይ፣ ጥጥ ከሚመዘንበት ትልቅ የብረት ሚዛን ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነው። ጭንቅላቱ በስተኋላ ተፈንክቷል፤ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ፈስሶ ዝንብ ወርሮታል። ያገኘው የሚዛን ሠራተኛው ሀብተ ሥላሴ ነበር። ሀብተ ሥላሴ ደግሞ ሰው ወድቆ ሲያይ መጠንቀቅ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጮኸ፣ አለቃውን ታቅፎ አነሣ፣ ሸሚዙንም ደም በደም አደረገው። ጩኸቱን ሰምተው የደረሱት የአብዮት ጥበቃ ልጆች ያዩት አንድ የተፈነከተ የመጋዘን ኃላፊና አንድ በደም የተለወሰ ሠራተኛ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር በማየት ራሳቸውን አላደከሙም።

ጊዜው ኅዳር 1970 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ የባቡሩን መስመር ቆርጦታል፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ምሥራቅ በሚጎርፈው የወታደር መኪና አቧራ ለብሳለች። በዚያ ሰሞን ሰው ላይ ከሚለጠፉት ቃላት ሁሉ «አሻጥረኛ» የሚለውን የሚያህል ክፉ አልነበረም። ጓድ ቢሰጥም ጤና ጣቢያ ተኝቶ ዓይኑን እንደገለጠ የተናገረው ይህንኑ ነው።

«ከኋላዬ መታኝ። ፊቱን አላየሁትም፤ ግን ሀብተ ሥላሴ በቀደም በሰው ፊት ዝቶብኛል። ይኼ የግል ጠብ አይደለም። በሕዝብ ጥጥ ላይ የተቃጣ አሻጥር ነው።»

በማግስቱ፣ በአረፋ ዕለት፣ ነገሩ መርማሪው መቶ አለቃ አምባዬ ዘንድ ሲደርስ አልቆ ደቅቆ ነበር። አምባዬ ፀጉሩን በፖሊስነት ያሸበተ፣ ቦርጫምና ነጭናጫ ሰው ነው። አልቆ የቀረበለት ነገር ሁሉ ያጠራጥረዋል፤ ይህም አጠራጠረው። ቀበሌ ሄዶ ሊቀ መንበሩን አብዱሰላምን አገኘው። አብዱሰላም ከወሎ የመጣ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ከሰላት ተመልሶ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ ነው።

«ነገ ማለዳ በሚያልፈው የወታደር መኪና ወደ ላይ እንልከዋለን» አለ አብዱሰላም።

«ማን ፈረደበት?»

«እኔ ፈራጅ ነኝ እንዴ? እላይ ያሉት ያጣሩት።»

«እላይ ያሉት አጣርተው የመለሱት ሰው ታውቃለህ?»

አብዱሰላም አላወቀም። በከተማውም የሚያውቅ አልነበረም። ፂሙን እየዳሰሰ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስከ ነገ ማለዳ ልጁ እኔ ጋ ነው። እውነተኛውን ካመጣህልኝ አልሐምዱሊላህ። ካላመጣህልኝ ግን እኔም ልጆች አሉኝ፣ መቶ አለቃ።»

ሀብተ ሥላሴ የታሰረበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ መስኮት የለውም። ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ደሙ የደረቀበትን ሸሚዝ የሚቀይርለት ሰው አላገኘም።

«መታኸው?» አለ አምባዬ።

«አልመታሁትም፣ ጌታዬ።»

«ዝተህበታል ይባላል።»

«አልዛትኩም። እጅህን ሰብስብ ነው ያልኩት።»

«ከምን ይሰብስብ?»

ሀብተ ሥላሴ አቀረቀረ። «እሱ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። የሰው ስም አንሥቼ እኔ ልዳን?»

«ነገ የት እንደሚወስዱህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም።

አምባዬ ተናደደ። እንዲህ ያለ ግትር ሰው ያናድደዋል፤ ደግሞም ደስ ይለዋል። «እሺ፣ ስታገኘው ምን ይመስል ነበር? ያየኸውን ብቻ ንገረኝ።»

«በጀርባው ወድቋል። ዓይኑ ተገልብጧል። ቀኝ እጁን ጭብጥ አድርጎ ይዟል፤ ላላቅቀው ብሞክር እምቢ አለኝ። ሊሞት ነው ብዬ ደነገጥኩ።»

ከዚያ አምባዬ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። ጓድ ቢሰጥ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ትራስ ተደግፎ፣ ጎብኚ እየተቀበለ ነው። ነጭ ሸሚዙን ገና አላወለቀም። በአዋሽ አቧራ ነጭ ለብሶ ነጭ እንደሆነ የሚውል ሰው እሱ ብቻ እንደሆነ ከተማው ያውቃል፤ አሁንም ኮሌታው ላይ ከፈሰሰው ደም በቀር ደረቱም እጅጌውም ንጹሕ ነው። ለሰላምታ የዘረጋው ግራ እጁን ነበር።

«ይቅርታ ጓድ መቶ አለቃ፣ ቀኜ ወለም ብሎኛል።» ቀኝ እጁ እስከ አንጓው በፋሻ ተጀቡኗል።

«ሲመታህ ከየት በኩል ነበር?»

«ከኋላ አልኩ እኮ። ሚዛኑን ስመለከት መጥቶ በአንዳች ነገር መታኝ።»

«ብቻህን ነበርክ?»

«ብቻዬን። ሙስሊሞቹ ለበዓሉ ግማሽ ቀን ተፈቅዶላቸው ወጥተዋል፤ ሌሎቹም ተከትለው ላጥ አሉ። የሥራ ፍቅር የለም በዚህ አገር!»

አምባዬ አዛኝ መስሎ ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

መጋዘኑን የከፈተችለት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አስረሳሽ ናት፤ ሰላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ነገር የማታበዛ የደጋ ሴት። በመጀመሪያ ሚዛኑን አየ። ሚዛኑ ከኋላው ወፍራም የብረት ምሰሶ አለው። ምሰሶው ላይ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ የደረቀ ደምና ጥቂት ፀጉር ተጣብቋል። የተመታበት እንጨት ወይም ብረት ቢፈልግ የለም። የቀበሌዎቹም ልጆች ፈልገውት አያውቁም።

አምባዬ በልቡ ሳቀ። ጓድ ቢሰጥን የፈነከተው ይህ ምሰሶ ነው፤ ከኋላው የነበረውም ምሰሶው ብቻ ነው። ሰው ከነበረ ከፊቱ ነበር። ከፊቱ የነበረን ሰው ደግሞ ሳያይ አይቀርም። ታዲያ ካየ ለምን ይደብቃል?

ጎንበስ ሲል ከሚዛኑ ሥር አረንጓዴ ወደ ቡኒ የሚያደላ ድቡልቡል ነገር አገኘ፤ ላዩ ደርቋል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። የታኘከ ጫት መሰለው። ሲያስብ ያገኘውን ነገር በጣቶቹ መሃል ማድቦልቦል ልማዱ ነውና እያድቦለቦለ ወደ ቢሮው ገባ።

ቢሮው ምድጃ ሆኗል። ኅዳር ቢሆንም ቀትር ላይ አዋሽ አዋሽ ነው። ጣሪያው መሃል ቬንቲሌተር ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ያለው ወለል ግን ባዶ ነው። ሦስቱ የሴቶቹ ጠረጴዛዎች ሁሉ ወደ ግድግዳው ተገፍተዋል፤ ወንበሮቹ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተዋል። የአስረሳሽ ደግሞ ይባስ ብሎ ከግድግዳውና ከብረት ሣጥኑ መሃል ተሸጉጧል። ነፋስ የሚባል እዚያ አይደርስም።

«ምነው ከቬንቲሌተሩ ሸሻችሁ?» አለ።

«እንዲሁ ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ለምደነዋል።»

አምባዬ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማየት ከኋላዋ አጎንብሶ እጁን ዘረጋ። ክንዱ ትከሻዋን ሳይነካ አስረሳሽ እንደ ተወጋ ሰው ተፈናጥራ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ሁለቱም ደነገጡ። አምባዬ እጁን ሰብስቦ ወደ ኋላ አለ፤ እሷ መቀነቷን አስተካከለችና «ይቅርታ፣ ሐሳብ ይዞኝ ነው» አለች። ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል።

አምባዬ ወደ ጠረጴዛዎቹ ዞሮ አየ። በማንም ወንበር ጀርባ ማንም ሊያልፍ አይችልም። ሀብተ ሥላሴ አለቃውን ምኑን ሰብስብ እንዳለው ገባው። የገባው ነገር ግን እስረኛውን አያስፈታም፤ እንዲያውም ለጠቡ ምክንያት ይሆንበታል።

«ጫት የሚቅም ማን አለ እዚህ?»

«ሾፌሩ ከድሩ ነው» አለች አስረሳሽ፤ ወሬው ስለተቀየረ እፎይ ብላ።

ከድሩ የተገኘው ኡምሰልማ ሻይ ቤት ነው። ባለቤቷ ኡምሰልማ የበዓል ሥጋዋን ስታከፋፍል ውላ ደክሟት ተቀምጣለች። ከድሩ ጉንጩን ወጥሯል።

«ትናንት ከቀትር በኋላ የት ነበርክ?»

«አቦ፣ ኬላ ላይ ነዋ! ወታደሮቹ መኪናዬን ይዘው ጥይት አስጫኑኝ። ጀርባዬን እየው፣ እስኪመሽ ተሸክሜ ላዩ ተልጧል። ሻምበሉን ሂድና ጠይቅ።»

ሻምበሉን መጠየቅ አላስፈለገም፤ ሻይ እየጠጡ የነበሩ ሁለት ወታደሮች ሲስቁ ሰማቸው። «እሱማ ሲሰድበን ነው የዋለ» አለ አንዱ።

አምባዬ ያድቦለቦለውን ነገር ከድሩ አፍንጫ ሥር አቀረበለት። «ታዲያ ይኼን ማን ተፋው?»

ከድሩ አሽትቶ አፍንጫውን ነፋ። «ይኼ ጫት ከሆነ እኔ ቄስ ነኝ!»

ኡምሰልማ ግን የምታየው የያዘውን ሳይሆን ጣቶቹን ነበር። ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። «ምነው መቶ አለቃዬ፣ እርስዎም ለአረፋ ተሞሸሩ እንዴ?»

አምባዬ ጣቶቹን አየ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ብርቱካን መስለዋል። በሱሪው ጠረገው፤ አልለቀቀም። በሻይ ውኃ አጠበው፤ አልለቀቀም። የኡምሰልማን መዳፍ አየ፤ በአረፋ ሂና ደምቆ ቀልቷል። ሻዩን ሳይጠጣ ተነሣ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ቁስል የሚያክመውን ድሬሰር ለብቻው ጠርቶ ጠየቀው። «የጓድ ቢሰጥን እጅ አንተ ነህ የጠቀለልከው?»

«እኔ ጭንቅላቱን ነው ያከምኩት። እጁማ ሲመጣ ጭብጥ ነበር እንጂ ምንም አልሆነም። ዛሬ ጠዋት ውኃና ሳሙና አስመጥቶ ሲታጠብ፣ ሲታጠብ ቆየና፣ ወለም ብሎኛል ብሎ ፋሻ ጠየቀኝ። ልየው ስለው ተቆጣኝ፤ ራሱ ጠቀለለው።»

አምባዬ ወደ ውስጥ አልገባም። ቢሮው ውስጥ ካሉት ሦስት ሴቶች ለአረፋ ሂና የምትሞቅ ሙስሊም አንዲት ብቻ ናት፤ ታይፒስቷ ሀምዳ።

የሀምዳ እናት በዓል ላይ ፖሊስ በራቸው ሲቆም «ያረቢ!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። ቢሆንም እንግዳ ነውና ሥጋ አቀረቡለት። ሀምዳ ከጓዳ መጣች። ሃያ ሁለት ወይ ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። ለበዓል የለበሰችው ቀሚስ ያምራል፤ ፊቷ ግን ሐዘን ቤት የዋለ ይመስላል። እጆቿን ሻሿ ውስጥ ደብቃለች።

አምባዬ እናትየውን ውኃ ለመናቸው። ሲወጡለት ጠብቆ «እጅሽን አሳይኝ፤ አልነካሽም» አለ።

ቀስ ብላ አወጣቻቸው። ግራ እጇ ጠቁሮ እስኪያበራ ቀልቷል። ቀኟ ግን ፈዝዟል፤ መዳፏና አንጓዋ ላይ ሂናው ሳይዝ የተገፈፈ ቦታ አለ።

«ቀኙ ለምን ፈዘዘ?»

ሀምዳ መልስ ከመስጠት ይልቅ ጠየቀች። «ሀብተ ሥላሴን ነገ ይወስዱታል የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ዛሬ ጠዋት ለቀበሌ ልናገር ወጥቼ ነበር። መንገድ ላይ ፈራሁና ተመለስኩ።» እጆቿን መልሳ ሻሿ ውስጥ ደበቀች። «ወንድሜ ከሰማ ሰውየውን ይገድለዋል። ቀበሌ ከሰማ እኔን። ማንም ካልሰማ ደግሞ ሀብተ ሥላሴ ሊሞት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይኼን ሳገላብጥ አደርኩ።»

«ምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

«ጓድ ቢሰጥ ከምሳ በኋላ ተመልሰሽ ትጽፊያለሽ፣ አስቸኳይ ነው አለኝ። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፤ ሰው ሲወጣ ነው የሚቸኩለው። ከኋላ መጥቶ ትከሻ ላይ ይደገፋል፣ አንገት ይነካል፣ ምነው ሲሉት ጓዳዊነት ነው ይላል። እምቢ ብል ከሥራ ያባርረኛል። ስለዚህ...» ትንሽ አፈረች። «ስለዚህ ሂናዬን ሞቄ ሄድኩ። በዚህ እጄ መጻፍ አልችልም ብዬ አሳይቼው ልመለስ። ደግሞ ሸሚዙን እንዴት እንደሚሳሳለት ያውቃሉ፤ ሂና ባለበት እጅ አይጠጋኝም ብዬ ነበር። በእኔ ቤት መላ መምታቴ ነው።»

«እሱስ?»

«ሳቀ። እንግዲያው ዛሬ እጅሽ ታስሯል ማለት ነው አለ። ሚዛኑ ጋ ቆሞ ቀኝ እጄን ይዞ በኃይል ጎተተኝ። እኔ ወደዚህ፣ እሱ ወደዚያ። ሂናው እርጥብ ነው፤ አንሸራተተው። እጄ ሾልኮ ወጣ፣ እሱ በራሱ ጉልበት ወደ ኋላ ሄዶ ከብረቱ ጋር ተላተመ። የሞተ መስሎኝ ሮጥኩ።»

«አልገፋሽውም?»

«በምን እጄ? ሸሚዙን ይዩት፤ ገፍቼው ቢሆን ሂናው አይመሰክርብኝም?»

አምባዬ ንጹሑን ደረት አስታወሰ። ደስ አለው፤ ግን ፖሊስ ነውና ደስታውን ዋጠው። ያቺን ልጅ ማንም ጥፋተኛ ሊያደርጋት አይችልም። እናትየው ውኃውን ይዘው ሲገቡ አንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«ሳይመሽ ቀበሌ ነይ» አላት።

አብዱሰላምን አስከትሎ ጤና ጣቢያ ሲገባ ጓድ ቢሰጥ ብርቱካን እየላጡለት ይበላ ነበር።

«ጓድ ቢሰጥ፣ ቀኝ እጅህን ለሊቀ መንበሩ አሳየው» አለ አምባዬ።

«ወለም ያለ እጅ ምን ይታያል?»

«ፍታው።»

«ያመኛል። ደግሞ አንተ ማን ሆነህ...»

«እኔ አልነካህም። ሰውን ያለፈቃዱ አልነካም። ራስህ ፍታው፤ ወይም ለምን እንደማትፈታው ለሊቀ መንበሩ አስረዳው።»

ጓድ ቢሰጥ ወደ አብዱሰላም አየ፤ አብዱሰላም ክንዱን አጣምሮ ይጠብቃል። ድሬሰሩም በሩን ይዞ ቆሟል። ሰውየው በግራ እጁ እየተርበተበተ ፋሻውን ፈታ። መዳፉ ከጣቶቹ ጫፍ እስከ አንጓው እንደ ሸክላ ቀልቷል። ጨብጦት ራሱን ስቶ ሲተኛ ሂናው በደንብ ይዞለታል።

«አዮዲን ነው» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«አዮዲን?» አለ ድሬሰሩ። «እዚህ ቤት አዮዲን ካየን ቆየን እኮ፣ ጓድ። ያከምኩህም በጨው ውኃ ነው።»

አብዱሰላም ጠጋ ብሎ መዳፉን አየ። ሚስቱና ሦስት ሴት ልጆቹ ቤቱ ውስጥ ትናንት ምን ሲያደርጉ እንዳመሹ ያውቃል። ሲያየው ቆይቶ ፊቱ ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«የማን ልጅ እጅ ነው ይኼ?» አለ።

ጓድ ቢሰጥ መዳፉን መልሶ ጨበጠው።

«ከኋላዬ መታኝ አልክ። አላየሁትም አልክ። አንድ የሰው ልጅ ለመኪና አስረከብከኝ፤ እኔም ወላሂ ልሰጠው ነበር!» አብዱሰላም በሕይወቱ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም። «ነውርህን የአሻጥር ስም ሰጥተህ በሕዝብ ጥጥ ውስጥ ልትደብቀው! ከአረፋ ዕለት በኋላ በአላህ ፊት ምን ብዬ እቆም ነበር?»

«እሷ ናት የገፋችኝ» አለ ጓድ ቢሰጥ በመጨረሻ።

«እሷ ማን?» አለ አምባዬ። «ብቻዬን ነበርኩ አላልክም? ደግሞ ከገፋችህ የእጇ ምልክት ደረትህ ላይ የታለ? ያለው አንተ እጅ ውስጥ ነው። ጎትተህ ነው የወደቅከው።»

ጓድ ቢሰጥ ደረቱን ተመለከተ። ያ የሚሳሳለት ሸሚዝ ከዳው። ከዚያ በኋላ ቃሉን የሰጠው እያለቀሰ ነው፤ ማንም ግን ዕንባውን ከቁም ነገር አልቆጠረለትም።

ወደ ቀበሌው ሲመለሱ አብዱሰላም የእስር ቤቱን ቁልፍ ከጥበቃው ነጥቆ ራሱ ከፈተ። ሀብተ ሥላሴ ሰዓቱ ደርሶ ሊወስዱት የመጡ መስሎት ተነሥቶ ቆመ። «ወደ ቤትህ ሂድ» ሲባል አልገባውም፤ ደግመው ነገሩት። ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ። «ሚስቴ ታውቃለች?» አለ ኋላ። ገና አልተነገራትም ነበር፤ አብዱሰላም የራሱን ልጅ ወደ እሷ ላከ።

ሀምዳ ቀበሌው በር ላይ ቆማ ነበር። ብብቷ ሥር በአንሶላ የተቋጠረ ነገር ይዛለች።

«ምንድን ነው?» አለ አምባዬ።

«ቅያሪ ልብስና ዳቦ።»

«ለሀብተ ሥላሴ? እሱማ ተፈታ።»

«ለእኔ ነው» አለች። «ከታሰርኩ ብዬ።»

አምባዬ ቋጠሮውን አየ። ነጭናጫነቱ ሁሉ የት እንደገባ ጠፋው። «ልጄ፣ አንቺ እኮ ከሳሽ ነሽ። ተከሳሹ ጤና ጣቢያ ተኝቷል፤ በሩ ላይ ፖሊስ አቁሜበታለሁ።»

ሀምዳ ቋጠሮውን መሬት ላይ ለቀቀችው። ሌሊቱን ሙሉ ያልመጣላት ለቅሶ አሁን መጣ፤ እያለቀሰችም ሳቀች። ሀብተ ሥላሴ በበሩ ሲወጣ እንዲያ ሆና አያት። ወደ እሷ መጥቶ ራቅ ብሎ ቆመና «እንኳን አደረሰሽ» አላት፤ በዓል ነዋ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች።

«ወንድምሽን እኔ አነጋግረዋለሁ» አለ አምባዬ። «አብዱሰላምም ይመጣል። ቃልሽን ትሰጫለሽ?»

«እሰጣለሁ።»

ወደ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ከመንገዱ ማዶ፣ ከግራሩ ጥላ፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን እያጣፋች ተሻገረች። አስረሳሽ ናት። ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደቆመች ማንም አላየም። ሀምዳን አቅፋ ሳመቻትና ወደ አምባዬ ዞረች።

«እኔም አለኝ የምናገረው» አለች። «ከእኔ በፊት የነበረችውም አላት፤ ወደ ጭፍራ ከተማ ተዛውራ ነው፣ አድራሻዋን አውቃለሁ። ከየት ልጀምር?»

«ከወደድሽው» አለ አምባዬ፤ ለጥበቃውም ሌላ ወንበር እንዲያመጣ ነገረው።